የጨው አገር ትምህርት
ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎችና ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

 

የዛሬው ንግግር በተለይ ለአስተማሪዎች ነው። ተማሪዎችም ግን ጆሮአችሁን አትንሡን፤ ነገሩ የእናንተ ነውና። ማዕድን በሚወጣበት አገር የሚያስተምር ሰው የአገሩን ታሪክና መልክዓ ምድር እንዴት አድርጎ ያስተምር? ርእሳችን ይህ ነው። ምሳሌያችን ደግሞ ጨው የሚቆረጥበት የአፋር ቆላ ነው። ጨውም እኮ ማዕድን ነው። እንደ ወርቅ ከመሬት ይወጣል። ያለ ወርቅ መኖር ይቻላል፤ ያለ ጨው ግን አይቻልም።

በቅድሚያ አንድ የራሴን ጥፋት ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት በበረሐሌ አካባቢ ለጨው ጫኞች ማታ ማታ አስተምር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የአገራችንን ካርታ በሰሌዳ ላይ ሣልሁ። ከተሞቹን በነጥብ አመለከትሁ። ወደ ቆላው ስደርስ ባዶውን ተውሁትና «ይህ በረሃ ነው፤ ምንም የለበትም» አልሁ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ተማሪዎቹ «አቦይ» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግመል ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። «መምህር፣ እኔን ያሳደገኝ እኮ ያ ምንም የለበትም ያልኸው ቦታ ነው» አሉኝ። ተነሥተውም ጠመኔውን ተቀበሉኝ። ፊደል ገና አልቆጠሩም ነበር። ነገር ግን ውሃ የሚገኝበትን፣ ግመል የሚያርፍበትን፣ ጎርፍ የሚወርድበትን ሸለቆ አንድ በአንድ አስቀመጡት። እኔ ባዶ ላልሁት ቦታ ሰሌዳው አልበቃቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ከተማሪው ነው። መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ እጽፋለሁ።

መሬቱን ማስተማር

እንግዲህ በመሬቱ እንጀምር። በሰሜን አፋር፣ በዳሎልና በአሳሌ ሐይቅ ዙሪያ ያለው መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው። ዝቅታው ወደ 120 ሜትር ይደርሳል። ይህ ምን ማለት ነው? ከቀይ ባሕር ወደዚያ ቦይ ቢቀደድ፣ ውሃው እየፈሰሰ ሜዳውን ሁሉ ይሸፍነው ነበር ማለት ነው።

ደግሞም ሸፍኖት ያውቃል። በጥንት ዘመን የባሕሩ ውሃ ወደዚህ ጎድጓዳ መሬት ገብቶ ነበር። በዳር ዳሩ እስከ ዛሬ የባሕር ዛጎል ድንጋይ ይገኛል። በኋላ መግቢያው ተዘጋ። ውሃው ከባሕሩ ተቆረጠ። ፀሐዩ አተነነውና ጨዉ ቀረ። ይህ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ተደጋግሞ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ የጨዉ ውፍረት በአንዳንድ ቦታ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

መምህራን ሆይ፣ ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ። አንድ ሰፊ ትሪ ውሰዱ። ውሃ አድርጉበት፤ አንድ እፍኝ ጨው አሟሙበት። ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ውሃው ሲደርቅ ተማሪዎቹን ሰብስቡ። በትሪው ላይ የቀረውን ነጭ ነገር በጣታቸው ይንኩት፤ ይቅመሱት። ያ ትሪ አሳሌ ነው። በያመቱም ጎርፍ ከደጋው ወርዶ በሜዳው ላይ ይተኛል። ሲደርቅ አዲስ ቅርፊት ይሠራል።

መሬቱ ለምን ጎደጎደ? የሚል ተማሪ አይጠፋም። የአፋር ምድር እየተለያየ ያለ ምድር ነው። የአፍሪካና የዓረብ ምድር ቀስ በቀስ ይራራቃሉ። መካከሉ ይሰምጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በደባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቶአል። ምድሩ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራርቆአል። ይህ የሆነው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው።

ሙቀቱንም እናንሣ። በ1950ዎቹ ዓመታት በዳሎል የሙቀት መለኪያ ተተክሎ ነበር። ቀኑና ሌሊቱ፣ በጋውና ክረምቱ አንድ ላይ ተደምሮ ሲካፈል፣ አማካዩ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆነ። ሰው በሚሠራበት ቦታ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው ይባልለታል። ታዲያ እዚያ ጨው የሚቆርጥ ሰው መለኪያ አያስፈልገውም። በቆዳው ያውቀዋል። የእኛ ሥራ በቆዳው የሚያውቀውን በአኃዝ መጻፍ ማስቻል ነው።

ታሪኩን ማስተማር

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ጨው ቆራጩ የደረቀውን ቅርፊት በመጥረቢያ ይሰነጥቃል። ሌሎች በረጅም እንጨት ፈንቅለው ያነሡታል። ሌላው ተቀምጦ በእኩል መጠን ይጠርበዋል። ከዚያ ይታሰራል፤ በግመል ይጫናል። የተጠረበው ጨው አሞሌ ይባላል። አፋሩ መሬቱን ያውቃል፤ ጨዉን ይጠርባል። አርሆ የሚባለው ሲራራ ነጋዴ ከደጋው ወርዶ ይጭናል። አንዱ ያለ ሌላው አልኖረም።

አሞሌ ለወጥ ብቻ የሚሆን አልነበረም። ገንዘብም ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈ ኮስማስ የሚባል መንገደኛ፣ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ሊለውጡ ይሄዱ እንደነበር ተናግሮአል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ ጨው በመላው አገር እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፎአል። ጨዉ ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምርም አስተውሎአል። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በገበያ ሲከፈልበት ቆይቶአል።

የውጭ ሰዎችም ይህን ምድር ፈልገውታል። በዳሎል ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ አለ። ጣሊያኖች በ1ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፖታሹን ወደ ቀይ ባሕር ለማውረድ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥተው ወደ ዳሎል አቅጣጫ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ባቡሩ ዛሬ የለም። በዳሎል ከጨው ጡብ የተሠሩ ቤቶች ፍርስራሽ ግን ይታያል። ሠራተኛው ሄዶአል፤ ግድግዳው ቀርቶአል።

በቅርቡ ዘመንም ለውጥ ሆኖአል። በፊት አገራችን ብዙውን ጨው ከአሰብ ታገኝ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ ቀረ። በአፋር ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ተተካ። እዚያ ጨው አይቆረጥም። የሐይቁ ውሃ በሞተር ተስቦ በኩሬ ይተኛል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ወደ አሳሌም የመኪና መንገድ ገብቶአል። የጭነት መኪና የግመሉን ሥራ ወስዶአል። ይህን ለተማሪ ስንነግር እንጠንቀቅ። ለአንዱ እፎይታ ነው፤ ግመሉን ተማምኖ ለኖረው ደግሞ እንጀራው ነው የተነካው። ሁለቱም ይናገሩ።

ቁጥሩንና ወረቀቱን ማስተማር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እኚያ ካርታ ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ማታ ወረቀት ይዘው መጡ። ጨው ለተረከባቸው ነጋዴ በጣታቸው የፈረሙበት ነው። «100 አሞሌ ነው ያስረከብሁት። ገንዘቡ ጎደለብኝ። እስቲ አንብብልኝ» አሉ። አነበብሁት። ወረቀቱ 80 ይላል። በጣታቸው ፈርመዋልና ክርክሩ አልረዳቸውም። አገሩን በሙሉ በልባቸው የያዙ ሰው፣ ሁለት አኃዝ ማንበብ ስላልቻሉ የ20 አሞሌ ዋጋ ቀረባቸው።

እኔም አፈርሁ። ለሁለት ወር ሩቅ አገር ያሉ ወንዞችን ስም ሳስጠና ነበር። 80ንና 100ን ለይቶ ማንበብ ግን ገና አላደረስኋቸውም።

ስለዚህ ሒሳቡ ከጨዉ ይነሣ። አንድ ግመል 20 አሞሌ ቢጭን፣ 5 ግመል ስንት ይጭናል? 100። በመንገድ 7 ቢሰበር ስንት ይቀራል? 93። አንዱ በ10 ብር ቢሸጥ ስንት ብር ይሆናል? 930። ተማሪው መልሱን በቃሉ ቀድሞ ይነግራችኋል። በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ብቻ አሳዩት።

ቀጥሎ ደረሰኝ ይማር። ቀን፣ ስም፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ፊርማ። አምስት ቃል ናቸው። ከሌላው ቃል ሁሉ በፊት እነዚህን ያንብብ፤ እነዚህን ይጻፍ።

እናቶችም የጨው ከረጢት ማንበብ ይማሩ። በምግባችን አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ይወጣል። ነፍሰ ጡር እናት ካነሳት የልጇ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣ ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል። ከመሬት ተቆርጦ የመጣ አሞሌ ግን አልተጨመረበትም። ከረጢቱ ላይ «አዮዲን» የሚለውን ቃል ፈልጎ ማግኘት የቤተሰብን ጤና መጠበቅ ነው።

ውድ መምህራን፣ አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ትምህርትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ደክሞት፣ ማታ ይመጣል። የራሱን አገር ካላገኘበት ድንጋይ ነው ብሎ ይተወዋል። ካገኘበት ግን ነገም ይመጣል።

አቦይ ያን ወረቀት አልቀደዱትም። በመጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ጨው ሲያስረክቡ ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። ልኩ ነበር። ከዚያ በጣታቸው ሳይሆን በእጃቸው ጽሑፍ ስማቸውን ፈረሙበት።



ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ከመሬት የሚወጣ ምን ነገር አለ? ማን ያወጣዋል? ወዴት ይሄዳል?
2. የአሳሌ ጨው ከየት መጣ? በትሪው ሙከራ አስረዱ።
3. አሞሌ ከሚቆረጥበት ቦታ ሲርቅ ዋጋው ለምን ይጨምራል?
4. በደረሰኝ ላይ መኖር ያለባቸው አምስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው? ጽፋችሁ አሳዩ።