በረቱና ማዘጋጃ ቤቱ

የዛሬው ወጋችን ስለ ላም፣ ስለ በግ፣ ስለ ውሻና ስለ ንብ ነው፤ ይበልጡን ግን እነዚህ በሚያድሩበት ግቢና ግቢውን በሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤት መካከል ስላለው ነገር ነው። በካፋ ዞን የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ ቢታ ገነትን የመሰለች ከተማ ስታድግ ባዶ ሜዳ ላይ አታድግም። የቀያሹ ችካል የሚተከለው ሰው እንሰት ካለማበት ጓሮ መሃል ነው። ትናንት የገጠር ቀበሌ ነዋሪ የነበረው አባወራ ዛሬ የከተማ ነዋሪ ተብሎ ሲመዘገብ ላሙም በጉም አብረውት ከተማ ይገባሉ። ያኔ «በመኖሪያ ሰፈር እንስሳት ማርባት ይከልከል» የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። ሽታ አለ፣ ዝንብ አለ፣ ሌሊት የሚጮህ ውሻ አለ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክልከላ ለመጻፍ እንጂ ለመፈጸም አይቀልም፤ የተነሳበትንም ችግር አይፈታም። ደንብ የሚያስፈልገው እንስሳው በግቢ ውስጥ በመኖሩ ላይ ሳይሆን በሚያደርሰው ነገር ላይ ነው፦ ልቅ በመለቀቁ፣ በፍጉ፣ በንክሻው። ዛሬ የምንከራከረው ለዚህ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ከብቱ በከተማ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በካፋ ጓሮ ላም የምትፈለገው ለወተት ብቻ አይደለም። እንሰት ፍግ ይወዳል። ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከበረት የሚወጣው ፍግ ሥሩ ካልተደፋለት እየቀጨጨ ይሄዳል። አንዲት የአገር ላም በቀን ወደ 10 ኪሎ ገደማ እርጥብ ፍግ ትሰጣለች። ጠዋት በረቱ ይጠረጋል፣ ፍጉ በቅርጫት ተጭኖ ጓሮ ይሄዳል፣ መሬቱ በደረቀ ወራት የእንሰቱ ቅጠል ተቆርጦ ተመልሶ ለላሟ ይቀርባል። ስለዚህ «ላሟን አውጣ» የተባለ ሰው የወተት ብርጭቆውን ብቻ አልተቀማም፤ ጓሮውም ማዳበሪያ አጥቷል። በጉም እንዲሁ ነው። የቦንጋ በግ መንታ በመውለዱና ቶሎ በመፋፋቱ ስሙ የታወቀ ዝርያ ነው፤ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከአርቢዎቹ ጋር ሆኖ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያሻሽለው ቆይቷል። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ሁለትና ሦስት በግ በግቢዋ አስራ የምታደልብ እናት ገንዘቧን ባንክ ያስቀመጠችውን ያህል ተማምናባቸው ነው፤ የልጆቹ ደብተርና የክረምት ጫማ ከዚያው ይወጣል።

በዚህ ላይ መንግሥት ራሱ ምን እያለ እንደሆነ እናስታውስ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ቤተሰብ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ማር ከራሱ ግቢ እንዲያገኝ የሚገፋ መርሐ ግብር ነው። የግብርና ባለሙያው የዶሮ ጫጩት ያከፋፍላል፤ ደንብ አስከባሪው ዶሮዋ አድጋ ስትጮህ ለምን አረባችሁ ብሎ ይመጣል። ሁለቱም የአንድ አስተዳደር ሠራተኞች ናቸው፣ ምናልባትም አንድ ግቢ ውስጥ ቢሮ አላቸው። እንዲህ ያለው ግጭት ነዋሪውን የትኛውን ልስማ ያሰኘዋል። እሱም የሚጠቅመውን ይሰማል፤ ማንም ቢሆን እንደዚያ ያደርጋል።

ሕጋችንስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት በጢስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸትና በመሳሰለው ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። የጉርብትናው ወሰን የት ድረስ እንደሆነም ሲወስን የአካባቢውን ልማድና የቦታውን ሁኔታ ያገናዝባል። አንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ድንገት አምልጦትም ቢሆን፣ ያደረሰው ጉዳት ያልታሰበም ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። በጎረቤት ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የበላች ፍየል ባለቤት «አላየኋትም» ብሎ አያመልጥም ማለት ነው። እንግዲህ የአገሪቱ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ የኖረው ላምን በመከልከል ሳይሆን ባለላሙን በመጠየቅ ነው። ማዘጋጃ ቤት ደንብ ሲያወጣ ይህን መንገድ ተከትሎ ዝርዝሩን ቢሞላ ይበቃዋል፦ በረቱ ከጎረቤት አጥርና ከውሃ ጉድጓድ ስንት ሜትር ይራቅ፣ ፍጉ የት ይጠራቀም፣ በስንት ካሬ ሜትር ግቢ ስንት ከብት ይታሰር። ቁጥሩን የአካባቢው የጤናና የእንስሳት ባለሙያዎች ይወስኑት። እኛ የምንለው በቁጥርና በርቀት ይጻፍ ነው፤ «ንጽሕናውን ይጠብቅ» የሚል ደንብ ማንንም አይገዛምና።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። ከሁሉ የከበደው የጤና ጉዳይ ነው፤ በቀላሉ ማለፍም አይገባም። ካፋ ዝናባማ አገር ነው። በረት ሥር የተከመረ ፍግ በዝናብ ታጥቦ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ምንጭ ወይም በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። የታችኛው ሰፈር ልጆች ተቅማጥ የላይኛው ሰፈር በረት ያመጣው ሊሆን ይችላል። ያልተፈላ ወተት ከላም ወደ ሰው የሚያሻግራቸው በሽታዎች አሉ፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳ አንዱ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን የችግሩ ቦታ የት እንደሆነ ልብ በሉ። ውሃውን የበከለው ላሟ ሳትሆን ጣሪያና ቦይ የሌለው የፍግ ክምር ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከላይ በሳር ወይም በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ዙሪያው ውሃ እንዳይገባው በአፈር ተከልሎ የተቀመጠ ፍግ በጥቂት ወራት ብስባሽ ይሆናል እንጂ ምንጭ አይወርድም። ክልከላ ሲመጣ ደግሞ ሰው ላሙን ከጓሮ ጥግ፣ ከማድ ቤት ጀርባ ይደብቃል። የተደበቀ በረት ባለሙያ አያየውም፣ ክትባትም አይደርሰውም።

የውሻው ነገር ከሁሉ ይብሳል። ስለ ከብት ስንጨቃጨቅ ሰው የሚገድለውን እንስሳ እንረሳዋለን። በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚሞት ይገመታል። ለኢትዮጵያ የተሠራው ግምት ደግሞ 2 ሺህ 700 ገደማ ያህላል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በብዙ ግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይለቀቃል፣ አጥሩን ዘልሎ ሥጋ ቤት ጀርባ ካሉት ባለቤት አልባ ውሾች ጋር ያድራል፣ ንጋት ላይ ልጆች ወደሚጫወቱበት ግቢ ይመለሳል። ከተሞቻችን ለዚህ ሲሰጡት የኖሩት መልስ መርዝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ውሻ በመግደል ብቻ በሽታው እንደማይቆም፣ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ግን ሰንሰለቱ እንደሚበጠስ ይናገራል። ምክንያቱ አይከብድም፤ የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ያልተከተበ ሌላ ይመጣበታል። ስለዚህ ውሻን በተመለከተ ደንቡ እንደ ከብቱ በርቀትና በቁጥር ላይ አይቁም፤ የክትባት ወረቀትና ማታም የማይፈታ ገመድ ይጠይቅ። እዚህ ላይ እግረ መንገዳችንን፦ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ባህላዊ መድኃኒት ልሞክር ብሎ የሚያድረው አንድ ሌሊት ዋጋው ብዙ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙም አይወራበትም። ቅርጫ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሰው ይጠየፈውና ለውሻው ይወረውርለታል። ያ ከረጢት የትል እጭ የሞላበት ነው፤ እጩ በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጓሮ ጎመን ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ሰው ጉበት ይገባና እንደገና ከረጢት ይሠራል። ሰውየው ከዓመታት በኋላ ሆዱን ሲያመው ማንም ያንን ቅርጫ አያስታውስም። የሚያስፈልገው ደንብ አንድ መስመር ነው፦ የታመመ የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል። እንስሳ በከተማ እንዳይኖር የሚከለክል አዋጅ ግን የበዓል ዕርዱን አይነካውም፤ በሬው ከገጠር ተነድቶ ይመጣል፣ ጉበቱም ለውሻ ይጣላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ከተማ ከተማ ይምሰል» የሚለው ነው። ይህ አባባል ከተማ ምን ዓይነት መልክ እንዳለው ከቴሌቪዥን የተማረ ይመስላል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ የወተት ሥራ የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. ገደማ፣ በእርዳታ የመጡ 300 ያህል የውጭ ላሞች አዲስ አበባ ሲገቡ ነው፤ ዋና ከተማው ውስጥ ማለት ነው። ለንደንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጓዳ ጎድጓዳው ላም የሚያልብ ከተማ ነበረች። በፈረንጆቹ 1865 የከብት ደስታ በሽታ ገብቶ በረቶቿን አራቆተ፤ ከዚያ የፈቃድና የፍተሻ ሥርዓት ጠበቀ፤ በመጨረሻ ግን ላሞቹን ከከተማው የገፋቸው ከአዋጁ ይልቅ ወተት ከገጠር ቶሎ የሚያመጣው ባቡር ነው። ለቢታ ገነት ነዋሪ ደግሞ ወተት የሚያመጣለት ባቡር የለም። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ካምፓላ ነው። የኡጋንዳ ዋና ከተማ በከተማ ውስጥ የሚደረግ እርሻና ርቢን ሕገ ወጥ እያለች ለዓመታት ኖራ፣ ክልከላው እንዳልሠራ ስታይ በፈረንጆቹ 2006 ስለ ከብትና ስለ ቤት እንስሳት ራሱን የቻለ ደንብ አወጣች፤ ፈቃድ አውጡ፣ ልቅ አትልቀቁ አለች። ችግሩ አልጠፋላትም፤ ግን ማን የት ምን እንደሚያረባ የምታውቅበት መዝገብ እንዲኖራት መንገድ ከፈተች።

«ማን ይቆጣጠረዋል?» የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። ትንሽ ማዘጋጃ ቤት በየግቢው ሜትር ይዞ የሚዞር ሠራተኛ የለውም። ታዲያ ክልከላውንስ ማን ይቆጣጠረዋል? ሁሉም የሚጥሰው ክልከላ ደንብ አስከባሪውን በየበሩ የሚደራደር ሰው ያደርገዋል፤ ዛሬ የአንዱን በግ ይይዛል፣ ነገ የዘመዱን በሬ ያልፋል። ጥቂትና ግልጽ ደንብ ከሆነ ግን ጎረቤት ራሱ ይቆጣጠራል፣ ዕድሩ ያስታርቃል፣ አቤቱታ ያለው ብቻ ቀበሌ ይሄዳል። ባለሙያው የሚጠራው ለዚያ ነው።

ይህን ስንል ማንም ያሻውን ያርባ ማለታችን አይደለም። ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ሃያ ላም አስሮ ወተት የሚቸረችር ሰው ነጋዴ ነው፤ ቦታ ይሰጠውና ከሰፈር ይውጣ፣ የመውጫ ጊዜም ይኑረው። ቦይና ጓሮ የሌለው ጠባብ ግቢ ላይም በሬ ማደለብ ለማንም አይበጅም። ንብ ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፣ በተለይ እንደ ካፋ ባለ የማር አገር። ጫካ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎና አጥር ሥር የተቀመጠ ዘመናዊ ቀፎ አንድ አይደሉም። ንብ ሲነሳበት የታሰረ ከብት መሸሻ የለውም፣ ልጅም እንዲሁ። ከቤትና ከመንገድ ራቅ ያለ፣ ሰው የማይተላለፍበት ጥግ የሌለው ግቢ ቀፎ አይያዝ። እዚህ ላይ ክልከላው ይበጃል፣ ምክንያቱም የጎረቤት ቁጣ በማስታረቅ ይበርዳል፤ የንብ ቁጣ ግን አስታራቂ የለውም።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። በረትህን አርቀህ ሥራ፣ የፍግ ጉድጓድ ቆፍር ሲባል ድሃው ነው የሚቸገረው። ካፋ ያለበት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተ ወጣት ክልል ነው፤ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ደንብ ከመለጠፍ ይልቅ የራሱን የእንሰት ጓሮ ያየ ደንብ ለመጻፍ ጊዜው አላለፈበትም። ድሃው እንዳይጎዳም አንድ ዓመት የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጥ፤ በዚያ ዓመት ቅጣት አይኑር፣ ምዝገባና ምክር ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ ከልቅ ከብት የሚሰበሰበው ቅጣት ወደ ጠቅላላ ገቢ ገብቶ ከሚጠፋ ለውሾች ክትባት ይዋል፣ ሒሳቡም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ነዋሪውን የሚጠራው ስብሰባ ደግሞ በጋ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ በክረምት የፍግ ጉድጓድ መቆፈር ውሃ ማጠራቀም ነው የሚሆነው።