በሰኔ የተዘራው ጤፍ
(ለወላጆችና ለወጣቶች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሔርጽል ተራራ ተሰብስበን በሱዳን መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁትን 4,000 ያህል ወገኖቻችንን እናስባለን። ቀኑ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት ነው። ግንቦት ደግሞ በአገር ቤት ማረሻ የሚሳልበት፣ ገበሬ ሰማይ ሰማዩን የሚያይበት ወር ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። እኛ ዛሬ ልንናገር የመጣነው መንገዱ ከመጀመሩ በፊት ስለነበረው ቤት ነው፤ ስለ በሬው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ እናቶቻችን ወፍጮ።

ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። እዚህ አገር እንደገባን ስማችንን የመዘገበው ጸሐፊ አባታችንን በአስተርጓሚ «ሙያህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ገበሬ ነኝ» አለ። ቅጹን እኛ ልጆቹ ያነበብነው ኡልፓን ገብተን ዕብራይስጥ ከለየን በኋላ ነው፤ «ሙያ የሌለው» ይላል። አባታችን ምን እንደተጻፈ ሲጠይቀን «ገበሬ ይላል» ብለን ዋሸነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንዲሁ የዋሻችሁ ትኖራላችሁ ብለን እንገምታለን።

ሙያ የሌለው የተባለው ሰው የሚያውቀውን እንናገር። የጤፍ መሬት አንድ ጊዜ ታርሶ አይተውም፤ ይገመሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል፤ ጥሩ ገበሬ አራትና አምስት ጊዜ ይመላለስበታል። ከዚያም ከብት ተነድቶበት ይረገጥና ዘሩ ይበተናል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ እጁ ያልለመደ ሰው ቢበትነው አንዱ ቦታ ይታፈናል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ክረምት ሳይገባ የክርስቲያኑ ጎረቤት የደነዘዘ ማረሻውን ይዞ ወደ ደጃችን ይመጣል፤ በቀን ማረሻውን ያሳለለትን ሰው ማታ ቡዳ ይለዋል። እናቶቻችን ሌሊት ተነስተው ይፈጫሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ከዚያ ለገበያ የሚሆን ምጣድና እንስራ ይሠራሉ። እኛ ልጆቹ ጥጃ እንጠብቃለን፤ ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እናባርራለን።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ግን ሁሉም ይቆማል። ዳቦው ተጋግሮ ያልቃል፣ ወንዝ ወርደን እንታጠባለን፣ እሳቱ ይጠፋል። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለዘር በተመቸበት ሰንበት እንኳ በሬዎቹ ቀንበር አይነካቸውም። ጎረቤት እየዘራ እኛ ቁጭ ብለን ስናይ ልባችን አይቃጠልም ነበር ብንል ውሸት ነው።

ነገሩን ገነት አስመስለን ለማውራት አልመጣንም። ትምህርት ቤት ያየ ልጅ ጥቂት ነበር። እህቶቻችን በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር። መሬቱም የእኛ አልነበረም፤ አብዛኞቹ አባቶቻችን በሰው ርስት ላይ የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ፤ ከአውድማው ላይ የባለ ርስቱ ድርሻ ተሰፍሮ ይሄዳል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1975፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ታወጀ። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር መያዝ ይችላል ተባለ። በእኛ አካባቢ የደረሰን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር፤ አንዳንዱም ድንጋያማ ነበር። ቢሆንም አባቶቻችን የራሳችን የሚሉትን መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ አረሱ። ሆኖም ደስታው አልቆየም። የቀድሞው ባለ ርስት ቂም ያዘ። በ1969 ዓ.ም. (1977) ኢዲዩ በሁመራና በመተማ በኩል ከደርግ ጦር ጋር ሲዋጋ ጎንደር በሙሉ ታመሰ። ማታ የመጣው ታጣቂ እንጀራ ይጠይቃል፤ ጠዋት የመጣው ደግሞ «ማታ ማንን አበላህ?» ብሎ ይገርፋል። የሚሊሻ ምልመላ መጣ፣ በተተመነ ዋጋ ለመንግሥት የሚሸጥ የእህል ኮታ መጣ፣ ስብሰባው በሰንበት የሚጠራበትም ጊዜ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሰኔ በመጣ ቁጥር መታረስ ነበረበት፤ ልጆች ይበላሉና።

አሁን ወደ 1976 ዓ.ም. እንምጣ፤ በፈረንጅ 1984 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ አለ የሚለው ወሬ በሹክሹክታ በየቤቱ ገብቶ ነበር። አንዳንድ መንደር በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኗል። ለገበሬ ቤት ከባዱ ጥያቄ «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ብቻ አልነበረም፤ «እንዝራ ወይስ አንዝራ?» የሚለውም ነበር። ካልዘራን ጎረቤት ያውቅብናል፤ የታወቀበት ደግሞ ይታሰራል። ከዘራን ዘሩ ለመንገድ የሚሆነን ስንቅ ነው።

በአንዳችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። እናት ዘሩ እንዳይነካ አለች፤ ልጆቼን በረሃ ላይ ምን ላበላ ነው ብላ። አባት እዘራለሁ አለ። ብዙ ሌሊት ተከራከሩ፤ እኛም የተኛን መስለን እንሰማ ነበር። አባት የሰጠው ምክንያት ቀላል ነበር፤ ከመንገድ ተይዘን የተመለስን እንደሆነ በኅዳር የምናጭደው ያስፈልገናል አለ። እውነቱን ነበር፤ ተይዘው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። በመጨረሻ ከፈሉት፤ ገሚሱ ለማሳው፣ ገሚሱ ለስንቅ ሆነ።

በሬውም አልተሸጠም። በግንቦት በሬውን የሸጠ ገበሬ ምሥጢሩን ለመንደሩ ሁሉ ነገረ ማለት ነው። ሁለት ፍየልና አንዲት ጊደር «ለሠርግ ነው» ተብለው ተሸጡ። እናት ገብስ ስትቆላ ሽታው ከአጥር ውጭ ወጣ፤ ጎረቤቷ መጥታ «ምነው ይህን ሁሉ በሶ?» አለቻት። «ደቦ አለብን» አለቻት። ያቺ ሴት ገብቷት ነበር ብለን እናምናለን፤ በማግሥቱ አንድ ቅል ቅቤ ላከችና ለማንም ሳትናገር ቀረች። ጤፉ በሰኔ መጨረሻ ከወትሮው ቀድሞ ተዘራ። በሦስተኛው ሌሊት ወጣን። ወንዞቹ መሙላት ጀምረው ነበር።

በዚያ መንገድና በኡም ራኩባ መጠለያ ከቤታችን ሁለት ሰው ቀበርን። ይህንን በሔርጽል ተራራ እናነሳዋለን።

በ1990ዎቹ አንድ ዘመዳችን ወደ አገር ቤት ሄዶ ያንን መንደር አየ። ጎረቤቶቹ በሕይወት ነበሩ። በተመለሰ ጊዜ አባታችን ስለ ቤቱ አልጠየቀውም፤ ስለ በሬዎቹም አልጠየቀውም። ዘመዳችን ራሱ «ጤፉን በኅዳር አጭደው ወቅተውታል፤ ለእናንተም ድርሻችሁን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጠው ነበር» ብሎ ነገረው። አባታችን ዝም ብሎ ቆየና «ስንት ቁና ሆነ?» አለ። ዘመዳችን አልጠየቃቸውም ነበር። አባታችን ተቆጣ፤ ይህ ሳይጠየቅ ይመጣል እንዴ ብሎ።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም ከመታሰቢያው ቀን በፊት በየቤታችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ስትወጡ በማሳው ላይ ምን ነበር? ጤፍ ነው፣ ማሽላ ነው፣ ወይስ ባዶ? ማን አጨደው? አባቶችና እናቶችም «ምን ያደርግልሃል» ብላችሁ እንዳትመልሷቸው እንለምናለን። መልሱን በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አምጡልን፤ መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች እኛ ቤት ድረስ መጥተን እንጽፋለን።