ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከመርጨት በፊት ማየት

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አንዳንዶቻችን ስንመዘገብ የተቋማችን ስም ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። ከእኛ በኋላ የመጣችሁት በአዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ ታናናሾቻችን ደግሞ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመርቃችኋል። ስሙ ቢለዋወጥም ከግቢው ወጣ ስንል የምናየው አገር ያው ነው፤ በወንጂ በኩል ሸንኮራ አገዳ፣ በአዋሽ መልካሳ በኩል በቆሎና ቦሎቄ፣ በቆቃ አድርገን ወደ መቂና ባቱ ስንወርድ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት። ስለ ሰብል ተባይ ምርምር እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ በዚህ መንገድ ላይ ስላለው አርሶ አደር ላውራ ብዬ ነው የመጣሁት።

የምለው አንድ ነገር ነው። ተባይን ቀድሞ ማየት የሚጠቅመን ቶሎ ለመርጨት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የማይረጭበትን ቀን ለማወቅ ነው። የምንሠራው መሣሪያ ለገበሬው ይህን ካልነገረው ላብራቶሪ ውስጥ ያምር ይሆናል እንጂ ማሳ ላይ ሥራ የለውም።

እስቲ ቲማቲሙን እንያዝ። ገበሬው በአጭሩ «ቱታ» የሚላት የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባች፤ በ2012 አገራችን ውስጥ ታየች፤ በማግስቱ ዓመት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ መኖሯንና ስርጭቷን ጽፈው አሳወቁ። አንዷ እናት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። እጩ እንደተፈለፈለ በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል ይገባና ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ፍሬውንም ይበሳል። እንቁላሉ አድጎ የእሳት እራት እስኪሆን እንደ ሙቀቱ አንድ ወር ገደማ ይበቃዋል። ዝም ከተባለች ከምርቱ ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆነውን ልታጠፋ ትችላለች።

ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ይረጫል። ቀን ቆጥሮ ይረጫል፤ ሲብስበትም ሁለት ሦስቱን መድኃኒት ቀላቅሎ ይረጫል። እኔ በዚህ ልፈርድበት አልችልም። መሬቱ የኪራይ ነው፤ የፓምፑ ነዳጅ ተገዝቷል፤ ችግኙና ማዳበሪያው በብድር የመጣ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጠር» ማለት ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀውን እጭ ከላይ የሚያርፍ መድኃኒት ብዙም አያገኘውም። ቱታ በተለያዩ አገሮች በርካታ የመድኃኒት ዓይነቶችን ተላምዳለች። እንግዲህ ሳይቆጥር የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ መድኃኒት የማይበግረው ተባይ ያረባል ማለት ነው። መርጫውን በጀርባው የተሸከመው የቀን ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ጓንትና ጭምብል የለውም፤ መርጫው የታጠበበት ውሃም መጨረሻው ቦይና ሐይቅ ነው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ሕግ አለን፤ ሕግ ግን የትኛው መድኃኒት ይመዝገብ ይላል እንጂ ዛሬ ማሳህ ላይ ርጭት ያስፈልጋል አያስፈልግም ብሎ ለገበሬው አይነግረውም። እሱ የእኛ ሥራ ነው።

ለማየት የሚረዳ ርካሽ ዘዴ አለ፤ የፌሮሞን ወጥመድ ይባላል። የሴቷን ጠረን የያዘች ትንሽ ጎማ፣ ውሃና ጥቂት ሳሙና ባለበት ሳፋ ላይ ትንጠለጠላለች። ወንዶቹ ጠረኑን ተከትለው ይመጡና ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ። ብዙ ሰው ሳፋው በተባይ ሲሞላ ተገላገልኩ ይላል። ግን አንዱ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ ያመለጡት ጥቂቶች ለመራባት ይበቃሉ። የወጥመዱ ዋና ጥቅም ተባዩ መቼ እንደመጣ፣ እየበዛ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን መናገሩ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ገበሬው ቅጠል እየገለበጠ ያስሳል፤ የተጠቃውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ ያስወግዳል። ለቀማው ያለቀበትን ማሳም ተባዩ እንዳይራባበት ቶሎ ያጸዳል። ከመቂ ተጭኖ አዲስ አበባ የደረሰ የቲማቲም ሳጥንም ባዶውን ሲመለስ ተባዩን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ይታጠባል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

በበቆሎም የምናገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብና በማዕከላዊ አፍሪካ ታየ፤ በ2017 መጀመሪያ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ አገሩን አዳረሰ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ላይ የአገራችን ገበሬዎች ከምርታቸው 32 በመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምተዋል። ከተጠየቁት 15 በመቶዎቹ ትሉን በእጅ ከመልቀም በቀር ሌላ ነገር አልተጠቀሙም፤ 26 በመቶዎቹ ደግሞ ለቀማውን ከርጭት ጋር አጣምረውታል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት አዋሽ መልካሳን፣ ሐዋሳንና ጅማን ሲያስስ ደስ የሚል ነገር አገኘ። ኮቴሲያ አይሲፔ የምትባል ትንሽ ተርብ በተምቹ እጭ ውስጥ እንቁላሏን እየጣለች፣ ከተሰበሰቡት እጮች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ተገኘች። ማንም አላመጣትም፤ ማንም አይከፍላትም። ያለ ልክ የሚረጭ መድኃኒት ግን እሷንም አብሮ ይጨርሳል። ለዚህ ነው ገና ለጋ በሆነ በቆሎ ላይ በማሳው አምስት ቦታ ቆሞ፣ በእያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 ተክል አይቶ፣ ከመቶው 20 ያህሉ ካልተጠቃ መታገስ የሚመከረው።

አሁን ወደ እኛ ወደ መሐንዲሶቹ ልምጣ። የቅጠል በሽታንና ተባይን በፎቶ የሚለይ ፕሮግራም መሥራት በየዩኒቨርሲቲው የተለመደ የመመረቂያ ርዕስ ሆኗል፤ መልካም ነው። ግን አንድ ቁጥር አስታውሱልኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕላንትቪሌጅ በተባለው የ54,306 ፎቶዎች ስብስብ የሠለጠነ ፕሮግራም፣ ከዚያው ስብስብ በተለዩ ፎቶዎች ሲፈተን 99.35 በመቶ ትክክል ሆነ። ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ሁኔታ የተነሡ ፎቶዎች ሲሰጡት ግን ወደ 31 በመቶ ወረደ። እንግዲህ ቅጠሉ ተቆርጦ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ሲነሣና መቂ ላይ በአቧራና በፀሐይ፣ በርካሽ ስልክ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ ሲነሣ አንድ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፋችን 99 ይላል፤ ገበሬው የሚደርሰው 31 ነው። ያን ክፍተት መሙላት ነው ምርምር የሚባለው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንም ለማኅበራችንም ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ በቆቃ፣ በመቂ፣ በባቱና በመልካሳ በተመረጡ ማሳዎች ወጥመድ ተክለን በየሳምንቱ እንቁጠር። ቆጠራው በአንድ ተማሪ መመረቅ መቆም የለበትም፤ ተተኪው ከዚያው መዝገብ ይቀጥል። የአሥር ዓመት ተራ ቆጠራ ከአሥር የተለያዩ ጽሑፎች የበለጠ ይነግረናል።

ሁለተኛ፣ የፎቶ ስብስባችን ከራሳችን ማሳ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የመልካሳ ማዕከል ያለው ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ተባዩን በስሙ የሚያውቁት ባለሙያዎች እዚያ አሉ፤ ሴንሰርና ሶፍትዌር የሚያውቁት እዚህ አሉ። መንገዱ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሆኖ ሳለ ሁለታችን በየፊናችን መሥራታችን አያዋጣም።

ሦስተኛ፣ የቆጠራው ውጤት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በድምፅ፣ በስልክ ይድረስ። «ዛሬ አትርጭ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ቁጠር» የሚለውን ለማለት የሚደፍር መልእክት ይሁን። ምክሩ ሲሳሳት ኪሳራው የገበሬው እንዳይሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምንሞክረው በትንንሽ ቁራጭ መሬት፣ ከልማት ሠራተኛው ጋር፣ ካሳውም ቀድሞ ተመድቦ ይሁን። እዚህ ላይ የማኅበራችን መዋጮ ከግድግዳ ላይ ሰሌዳ የተሻለ ቦታ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም፣ ሥራችን የሚመዘንበትን መስፈርት አብረን እንወስን። ስንት ጽሑፍ ወጣ የሚለው ይቆጠር፤ ግዴለም። ከጎኑ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፦ ከእኛ ጋር የሠራው ገበሬ ምርቱ ሳይቀንስ ስንት ርጭት ቀነሰ? መልሱን በሚቀጥለው መገናኛችን ከመካከላችሁ አንዱ እዚህ ቆሞ በቁጥር ቢነግረን፣ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የምረቃ በዓል የለም።