ለተጐዳው ጓደኛችን ቦታ እንጠብቅለት
(የእግር ኳስ ተጫዋቾች ምርጫ ከመደረጉ በፊት ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ሳምንት የቡድናችን ምርጫ ይደረጋል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆነው ወንድማችን፣ ጉልበቱን ተጐድቶ ተቀምጧል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና አንዳንዱ ስሙ ይሰረዝ ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ወንድ ልጅ ሕመም ይችላል፤ ታግሠህ ግባ» ይለዋል። ሁለቱም አይጠቅሙትም። ቦታዬን አጣለሁ ብሎ የፈራ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ የጥቂት ሳምንቱን ጉዳት የዓመት ሊያደርገው ይችላል።

ፔሌ በ1950 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1958) ለዓለም ዋንጫ ወደ ስዊድን ሲሄድ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ጉልበቱም ታሞ ነበር። ብራዚሎች ግን ከቡድናቸው አላስወጡትም። የመጀመሪያዎቹን 2 ግጥሚያዎች ሳይጫወት ቈየ፤ በ3ኛው ተሰለፈ፤ ዋንጫው እስኪወሰድም ድረስ 6 ግብ አገባ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሐኪም እስኪፈቅድለት አንድ ቦታ ይቈየው፤ በልምምድ ሰዓት ከሜዳው ዳር አብሮን ይቀመጥ፤ ሕክምና ሲሄድ ላመለጠው ትምህርት ማስታወሻችንን እናውሰው። ቡድን ማለት በሜዳ የሚሮጡት 11 ሰዎች ብቻ አይደሉምና።