ክረምትና ተማሪው መሐንዲስ
(በሐሙሲት የተደረገ ንግግር)



የማዕድን ጂኦቴክኒክን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሥራ ላይ ያለው ባለሙያ እንዴት ይማረው? ይህን ለመነጋገር ሐሙሲት ባዕድ ስፍራ አይደለችም። ከዚህ በስተ ምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሠሩትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ ገደል እየቆረጡ መንገድ ማውጣቱ ከመጎተቱ ባላነሰ ሠራዊቱን አድክሟል። ያ መንገድ ደላንታን አቋርጦ ወደ በሽሎ ይወርድ ነበር።

በዚያው በደላንታ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል ተገኘ። ኦፓሉ ያለው ከጠንካራ የእሳተ ገሞራ ዐለት ሥር፣ ወደ ሸክላነት በተለወጠ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ያንን እየተከተለ ወደ ገደሉ ሆድ ይገባል፤ የላዩን ሸክም የተሸከመለት ግን ያው የሚቦረቡረው ደካማ ንብርብር ነው። በ2016 ዓ.ም. ዋሻው ተደርምሶ ሰዎች ውስጥ ቀሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በጎፋ የተናደው ተራራ ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ስፍራው ማዕድን ማውጫ ባይሆንም የናዳው ጠባይ ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም።

ሥራውን ሳይለቅ ለሚማር ሰው በአገራችን የተለመደው የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ ወይም የክረምት ትምህርት ነው። ክረምቱ ለመምህራን ተስማምቷል፤ ትምህርት ቤት ይዘጋልና። ለእኛ ግን አይስማማም። በዚህ ደጋ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ውሃው በዐለቱ ስንጥቅ ሲጠራቀም ግፊቱ ዐለቱን የያዘውን ሰበቃ ይቀንሳል፤ ሸክላውም ይላላል። ገደሉ በሚንቀሳቀስበት ወር መሐንዲሱን ወደ ክፍል መጥራት፣ ወረርሽኝ በገባ ሰሞን ሐኪምን ለሥልጠና እንደ መላክ ነው።

ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ በበጋ፣ በቅዳሜና እሑድ ይሰጥ፤ ክረምቱ ተማሪው በሚሠራበት ካባ ወይም ማውጫ የልኬት ጊዜ ይሁን እላለሁ። ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያሻም። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችንካር ተክሎ በየማለዳው ርቀቱን መለካት፣ ከጎኑም የዝናቡን መጠን መመዝገብ ይበቃል (ቀላልነቱ የሚያሳፍረው ምሩቅ አይጠፋም)። ርቀቱ ከዕለት ወደ ዕለት እየፈጠነ ሲሰፋ ገደሉ ሊናድ መቃረቡን ያመለክታል። የመመረቂያ ጽሑፉም ከዚህ መዝገብ ይውጣ።

አሠሪዎች ጊዜ ይባክናል ይሉ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ተማሪው አደጋውን ለክቶ ሳለ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ካልተሰጠው መዝገቡ ማንንም አያድንም። እንግዲህ ካባ የምታስተዳድሩ አባሎች ከሰኔ በፊት አንዳንድ ገደል ለተማሪዎች ስጡ፤ ልኬቱ በፈጠነ ጊዜ ሠራተኛውን ከሥር የሚያስነሣው ማን እንደ ሆነም በደብዳቤው ላይ አብራችሁ ጻፉ።