አዲስ አሠልጣኝና የመጀመሪያው ዓመት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ከቅርጫት ኳስ ቡድን የቀረበ ንግግር)



 እንደምታውቁት ዘንድሮ አዲስ አሠልጣኝ መጥተውልናል። ልምምዳችንን የሚመለከቱ ሰዎች ግን «እነዚህ ልጆች ኳስ ሲቀባበሉ እንጂ ሲጫወቱ መች አየን?» ይሉናል። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫ ካልመጣ አሠልጣኙ ይለወጡ የሚሉም አልጠፉም። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ታላቅ ስም ያተረፉ አንድ ሰው አዲስ በነበሩበት ዓመት ያደረጉትን ልንነግራችሁ አሰብን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሰውየው ሚስተር ጆን ዉድን ይባላሉ። በ1910 በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት ተወለዱ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር ተጫዋች ነበሩ፤ ኋላም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እያስተማሩ ኳስ አሠለጠኑ። በኢንዲያና በአንድ የመምህራን ኮሌጅ ሳሉ በ1947 ቡድናቸው ለአገር አቀፍ ውድድር ተጠራ። ውድድሩ ግን ጥቁር ተጫዋች አያስገባም ነበርና ክላረንስ ዎከር የተባለውን ልጅ ትቼ አልሄድም ብለው ጥሪውን መለሱት። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ተለወጠ፤ ዎከርም ተጫወተ። ይህ ከጉዳያችን ትንሽ ቢርቅም የሰውየውን ጠባይ ያሳያልና ልናልፈው አልወደድንም።

በ1948 በሎስ አንጀለስ ወዳለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። የዚያ ቡድን ባለፈው ዓመት 12 ጊዜ አሸንፎ 13 ጊዜ ተሸንፎ ነበር፤ ዘንድሮም የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል ተብሎ ተገመተ። አዳራሹ ጠባብ ነበር። በዚያው ቤት ውስጥ የጂምናስቲክና የትግል ተማሪዎችም አብረው ይለማመዱ ስለ ነበር ወለሉ በአቧራ ይሸፈናል። ሚስተር ዉድን ከረዳቶቻቸው ጋር መወልወያ ይዘው ወለሉን ራሳቸው ይወለውሉ ነበር። የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ናቸው እንግዲህ!

የልምምዱን እያንዳንዱን ደቂቃ አስቀድመው በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ይህን ያህል ደቂቃ ለማቀባበል፣ ይህን ያህል ለመወርወር፣ ይህን ያህል ለሩጫ። ለተጫዋቾቻቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩትም ካልሲና ጫማ እንዴት እንደሚደረግ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይሥቃል፤ እኛም ሥቀን ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ካልሲው ከተጨማደደ እግር ውሃ ይቋጥራል፤ እግሩ ውሃ የቋጠረ ልጅ ልምምድ ይቀራል፤ ልምምድ የቀረ ልጅ ደግሞ በጨዋታው ቀን ጓደኞቹ ወዴት እንደሚሮጡ አያውቅም።

ውጤቱስ? በመጨረሻ ደረጃ ይወጣል የተባለው ቡድን 22 ጊዜ አሸንፎ 7 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ የምድቡንም አንደኛነት አገኘ። ከዚያ ወዲያ ባለው ግጥሚያ በኦሬገን ስቴት ተሸነፈ።

እዚህ ላይ ወላጆቻችን ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ያ መልካም ዓመት የአገሪቱን ዋንጫ አላመጣም። በ3 ዓመት ውስጥ ይሠራል ተብሎ ተስፋ የተሰጣቸው አዲስ አዳራሽም የተከፈተው በ1965 ነው። በ1950 የቀድሞ ዩኒቨርሲቲያቸው ፐርዱ ሲጠራቸው ለመሄድ ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን የ3 ዓመት ውል ይፈረምልኝ ብለው የጠየቁት ራሳቸው መሆናቸው ስለ ተነገራቸው ቃላቸውን አክብረው ቀሩ። የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው በ1964፣ በ16ኛው ዓመታቸው ነው። በዚያ ዓመት 30 ጊዜ ተጫውተው 30ውንም አሸነፉ። እስከ 1975 ድረስ በጠቅላላው 10 ዋንጫ አገኙ። በ2010 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ከ15ቱ ባዶ ዓመታት በአንዱ ቢባረሩ ኖሮ 10ሩ ዋንጫ ከየት ይመጣ ነበር?

እኛም አሠልጣኛችን ለ3 ዓመት እንዲቈዩልን በትሕትና እንለምናለን። ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነውና መጥታችሁ ብታዩን ደስ ይለናል። ሜዳውን የምንጠርገው እኛው ነን፤ ያለን መጥረጊያ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ግን ሁለተኛ የሚሰጠን ሰው ቢገኝ አንጠላም።