በወለድ መነሻ ምጣኔና በገበያ ውድድር ዓውደ ጥናት ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር (ናይሮቢ)






 

ጉዳያችን ከለንደን ይነሣል። ላይቦር የተባለው የወለድ መነሻ ምጣኔ ይሰላ የነበረው፣ ባንኮች በየሥራ ቀኑ “ዛሬ ብንበደር በስንት እናገኛለን?” ለሚል ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነበር። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሩብ ይጣልና የቀረው አማካይ ይወሰድ ነበር። በእርግጥ መበደር አያስፈልግም ነበር፤ መናገር ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባርክሌይስ ባንክ የሚሰጠውን መልስ በማጭበርበሩ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች 450 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። በምርመራው ከወጡት መልእክቶች በአንዱ፣ ቁጥሩ እንደተመኘው የሆነለት የገንዘብ ነጋዴ ለባለውለታው ሻምፓኝ ሊከፍትለት ቃል ይገባል።

እዚህ ላይ ከተጻፈልኝ ወጣ ልበል። የገበያ ውድድርን የሚከታተለው መሥሪያ ቤታችን ዘወትር የሚወቀሰው “በቲማቲም ሻጭ ላይ ትበረታላችሁ፣ ባንክ ሲሆን ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ” እየተባለ ነው። ወቀሳው ይገባኛል። ነገር ግን የቲማቲም ዋጋ ተለጥፎ ይታያል፤ የወለድ ስምምነት በአንድ መስመር መልእክት ያልቅና ይጠፋል። ያ የሻምፓኝ መልእክት ተጠብቆ ባይገኝ ማን ምን ያስረዳ ነበር? “ሰነድ ያዙ” ባልኩ ቁጥር የሚስቁብኝ ባልደረቦቼ አዳራሹ ውስጥ ስላሉ ልብ ይበሉልኝ።

ማስረጃ ተይዞም ክሱ ቀላል አልሆነም። ኒውዮርክ ላይ የባልቲሞር ከተማን ጨምሮ ብዙ ከሳሾች ባንኮቹ ውድድርን የሚገድብ ስምምነት አድርገዋል ብለው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩን የያዙት ዳኛ፣ ምጣኔው የሚወጣው በትብብር እንጂ በውድድር ስላልሆነ የውድድር ጉዳት አልደረሰም ብለው ያንን የክሱን ክፍል ዘጉት። በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው፤ ተፎካካሪዎች በዋጋ ላይ መስማማታቸው ራሱ ጉዳት ነው አለ። እኔ ከይግባኝ ሰሚው ጋር ነኝ፤ ወለድ የገንዘብ ዋጋ ነውና።

ጉዳዩ ለአካባቢያችንም ሩቅ አይደለም። ከሞምባሳ ናይሮቢ ለተዘረጋው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2014 ከቻይና ኤግዚም ባንክ ከተወሰደው ብድር 1.63 ቢሊዮን ዶላሩ የታሰረው በስድስት ወር ላይቦር ላይ 3.6 በመቶ ተጨምሮ ነበር። ያ ብድር የመጣው ማጭበርበሩ ከተጋለጠ በኋላ ነው፤ ሆኖም ለንደን የሚወጣ ቁጥር የናይሮቢን ግብር ከፋይ እንደሚነካ ያሳያል። የዶላር ላይቦር ዋና ዋና ምጣኔዎች በ2023 ቆመዋል።

ኬንያውያን አስተናጋጆቻችን እ.ኤ.አ. በ2016 የወለድ ጣሪያ በሕግ አበጅተው በ2019 አንስተውታል። በ2025 ደግሞ ባንኮች እርስ በርስ ለአንድ ሌሊት በተበዳደሩበት ዋጋ ላይ የቆመውን ኬሶኒያ የተባለ መነሻ ምጣኔ አምጥተዋል። ባንክ ከተናገረው ሳይሆን ከሠራው መነሣት ማለት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያንም፣ በራሳችን አቆጣጠር፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የፖሊሲ ወለድ፣ ከጥቅምት 2017 ወዲህ የባንክ ለባንክ ገበያ አለን፤ ስለዚህ የወለድ መነሻ ከምን ይሰላ የሚለው ጥያቄ ደጃችን ደርሷል።

የዓውደ ጥናቱ ዓላማ ግንዛቤ ማስጨበጥ፣ ልምድ መለዋወጥና ቅንጅታዊ አሠራርን ማጠናከር ሲሆን ዝርዝሩን ባለሙያዎች ያቀርቡታል። ቃለ ጉባዔ ያዦች የሚባለውን ሁሉ እንዲመዘግቡ አደራ እላለሁ። ዓውደ ጥናቱ በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።